ኡቡንቱ ሲነሣ ስክሪኑ የሚጠቁርበት ኮምፒውተር፦ ካርዱ አልተቃጠለም፣ ፎርማትም አያሻውም

ጥያቄ፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ላይ ኡቡንቱ 22.04 አስጭኜ እሠራለሁ። አንዱ ደህና ነው። ሌላው ኤንቪዲያ ጂቲ 730 የግራፊክስ (የስክሪን) ካርድ የተሰካበት ነው። እሱ ሲነሣ የፋብሪካው ሎጎ ይታያል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ አንዳንዴ ዴቭ ኤስዲኤ2 ክሊን የሚልና ቁጥር የሚደረድር ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አስጠብቆ ዴስክቶፑ ይከፈታል፤ ሲከፈት ግን ሁሉ ነገር ገዝፎ ነው። ድሮ ይመጣ የነበረው የኡቡንቱ ምልክት ጠፍቷል። የጀመረው የኤንቪዲያ ድራይቨር 470 ካስጫንኩ ወዲህ ነው፤ ያኔ ስክሪኑ እምቢ ሲል የጫነልኝ ልጅ ኖሞድሴት የሚል ቃል ጨመረበት። በዚያው ሰሞን ሁለተኛውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ሸጥኩት። መብራትም ሥራ ላይ እያለን ተደጋግሞ ሄዷል። አንዱ ጠጋኝ ካርዱ ተቃጥሏል አለኝ፤ ሌላው ፎርማት ይደረግ ይላል። ውስጡ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ካርዱ ላለመቃጠሉ ምስክሩ እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነው። የፋብሪካው ሎጎ ይታያል ብለዋል። ያ ሎጎ የሚሳለው ኡቡንቱ የተሠራበት ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ የሚሳለውም በዚያው ካርድ ነው። የተቃጠለ ካርድ ምንም አያሳይም፤ ሜሞሪው የተበላሸ ካርድ ደግሞ ከመጀመሪያው ሎጎ ላይ ይታወቃል፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ባለቀለም ነጠብጣቦች ወይም የተቆራረጡ ፊደላት ያመጣል። ልብዎ ካልረጋ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ (መጀመሪያ የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ይግቡና እንደተከፈተ ሩብ ሰዓት ይተዉት። እዚያ ፊደሉ ጥርት ብሎ ከቆየ ካርዱን ለመጠርጠር ምክንያት የለም።

ፎርማት የሚለው ምክር ደግሞ ለጊዜው የሠራ ይመስላል፤ አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። እንደገና ሲጫን የተሳሳተው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) እና ኖሞድሴት አብረው ስለሚጠፉ ስክሪኑ ይስተካከላል። ያው ድራይቨር ተመልሶ ሲገባ ችግሩም ይመለሳል። በመካከል የሚጠፋው የተማሪዎቹ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ምንም ከመነካቱ በፊት፣ ዴስክቶፑ ገዝፎም ቢሆን ስለሚከፈት ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላኛው ኮምፒውተር ይገልብጡ።

ያለብዎት አንድ ችግር አይደለም። ሦስት ነገሮች በአንድ ሰሞን ተደራርበው አንድ መስለው ነው የታዩዎት፦ ከካርዱ ጋር የማይሄድ ድራይቨርና እሱን ለመሸፈን የተጨመረው ኖሞድሴት፤ በሌለ ዲስክ ላይ ያለውን ስዋፕ (ራም ሲጠብ የሚያግዘውን የዲስክ ክፍል) መጠበቅ፤ እና ከነጭራሹ ስሕተት ያልሆነ ነጭ ጽሑፍ። አንዱን አስተካክሎ «አልሠራም» ብሎ መተው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ እዚህ ሦስቱም ለየብቻ መታየት አለባቸው።

መጀመሪያ ስክሪኑ በየትኛው ሰዓት በማን እጅ እንዳለ ይወቁ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ስክሪኑን የሚይዘው ባዮሱ ነው። ቀጥሎ ግራብ የተባለው ማስነሻ ይረከባል። ግራብ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) እና ከእሱ ጋር የሚጫነውን ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ትንሽ ጥቅል ወደ ሜሞሪ ያስገባል። ከዚያ ፕሊማውዝ የተባለው ፕሮግራም የኡቡንቱን ምልክት ይስላል፤ በመጨረሻም የይለፍ ቃል የሚጠይቀው መግቢያ ይመጣል። ፕሊማውዝ በ2008 ከፌዶራ 10 ጋር የመጣ ሲሆን ኡቡንቱ ከ10.04 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 ወዲህ ይጠቀምበታል። ሥራው መጋረጃ ከመሆን አያልፍም፦ ከኋላው የሚያልፈውን ጽሑፍ ይሸፍናል። ምልክቱ ስለጠፋ ብቻ የሚበላሽ ነገር የለም፤ ምልክቱ የጠፋበት ምክንያት ነው መፈለግ ያለበት።

ፕሊማውዝ ለመሳል አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ከርነሉ ራሱ የስክሪኑን ስፋትና ጥራት ወስኖ እንዲያስረክበው። ይህን የሚያደርገው የካርዱ ድራይቨር ነው፤ በኢንቴል ላይ አይ915፣ በኤኤምዲ ላይ ኤኤምዲጂፒዩ ወይም ራዲዮን፣ በኤንቪዲያ ላይ ደግሞ ከከርነሉ ጋር የሚመጣው ነፃው ኑቮ። ኖሞድሴት ለከርነሉ «ይህን አታድርግ» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲኖር ኑቮ ቢኖርም አይነሣም፤ ስክሪኑ ባዮሱ በተወው ጥራት፣ ብዙ ጊዜ በ1024 በ768፣ ይቀራል። ፊደሉ የገዘፈው ለዚህ ነው። ኖሞድሴት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን የአንድ ቀን መሣሪያ ነው፦ ጥቁር ስክሪን ላይ የተቀረቀረ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ትክክለኛውን ድራይቨር ለመጫን። ፋይል ውስጥ ተጽፎ ከቀረ መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ችግር ይሆናል።

አሁን ወደ ካርዱ። ጂቲ 730 በሚለው ስም የተሸጡት ካርዶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኛው ውስጡ ጂኤፍ108 የተባለ ቺፕ ያለው ሲሆን ትውልዱ ፌርሚ ነው፤ ሌላኛው ጂኬ208 ሲሆን ትውልዱ ኬፕለር ነው። ካርቶኑ ላይም ካርዱ ላይም የሚነበበው ስም አንድ ነው። ልዩነቱ ግን ድራይቨር ላይ ይወጣል፦ 470 የሚያውቀው ኬፕለርን ነው፤ ለፌርሚ የመጨረሻው 390 ነበር፤ እሱም ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በኤንቪዲያ ዘንድ ድጋፉ ተቋርጧል። በፌርሚ ላይ 470 ከተጫነ ድራይቨሩ ካርዱን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። በዚያ ላይ የኤንቪዲያ ጥቅል ሲገባ ኑቮ እንዳይነሣ ያግደዋል። አንዱ ታገደ፣ ሌላው ካርዱን አላውቅህም አለው፤ ባዶ የቀረው ስክሪን ላይ ኖሞድሴት ተጨመረ። የጻፉት ምልክት ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሳይገምቱ ማረጋገጥ ይቻላል። (ከዚህ በታች ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው ሲነበቡ በሚሰሙበት መንገድ ነው፤ ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይተየባሉ።) ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት) ከፍተው «ኤልኤስፒሲአይ» ብለው ክፍተት፣ ሰረዝና ኬ ይጨምሩ፤ ኢንተር። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ቪጂኤ ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ጂኤፍ108 ወይም ጂኬ208 የሚለው እዚያው ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ የትኛው ድራይቨር እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። ያ መስመር ጭራሽ ከሌለ ካርዱን የያዘው ድራይቨር የለም ማለት ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ከፈለጉ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ብለው ኤንቪአርኤም የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች ይፈልጉ፤ ትእዛዙ የሚጻፈው ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ በሚሉት አምስት ፊደላት ነው። ፌርሚ ከሆነ ካርዱ በ390 ሌጋሲ ድራይቨር እንደሚደገፍና የተጫነው 470 እንደማያየው በግልጽ ተጽፎ ያገኙታል።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ ቺፑ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን የኤንቪዲያን ድራይቨር ያራግፉ፣ ወደ ኑቮ ይመለሱ፣ ኖሞድሴትን ያጥፉ። የጽሕፈት ቤት ሥራ ላይብረ ኦፊስ፣ ብራውዘር፣ ስካነርና ፕሪንተር ነው፤ ለዚህ ኑቮ ከበቂም በላይ ነው። ኑቮ የካርዱን ሙሉ ፍጥነት አያወጣም፤ ጌም ለሚጫወትና ቪዲዮ ለሚያቀናብር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ለእርስዎ ግን ምንም አያጎድልም። በምትኩ የሚያገኙት ከርነሉ በታደሰ ቁጥር አብሮ የሚታደስ፣ ፕሊማውዝም የሚግባባው ድራይቨር ነው። 390ን ፈልጎ መጫንም አማራጭ ይመስላል፤ ግን አይድከሙበት። ድጋፉ የቆመ ድራይቨር አዲስ ከርነል በመጣ ጊዜ ሳይገነባ ይቀራል፤ አንድ ጠዋት ደንበኛ ቆሞ እያየ ያው ጥቁር ስክሪን ይመለሳል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ደግሞ 390 ከናካቴው የለም።

ማራገፉን በመስኮት ማድረግ ይቀላል። ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» የሚለውን ከፍተው «አዲሽናል ድራይቨርስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። ኢንተርኔት ይኑርዎት፤ ዝርዝሩ እስኪመጣ ጥቂት ያስጠብቃል። ከዝርዝሩ ኑቮ የሚለውን መርጠው «አፕላይ ቼንጅስ» ይጫኑ። እስኪጨርስ መስኮቱን አይዝጉ፤ ሲጨርስም ኮምፒውተሩን ገና አያጥፉት። አንድ ጥንቃቄ፦ የጫነልዎት ልጅ ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዶ በቀጥታ ከሆነ ያስገባው፣ ይህ መስኮት አያየውም። እንደዚያ ከሆነ ተርሚናል ላይ «ሱዶ ኤንቪዲያ-አንኢንስቶል» ብለው ነው የሚያራግፉት። ከዚያም ኢቲሲ በተባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ የተባለውን ፎልደር ከፍተው ኑቮን የሚያግድ ፋይል ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብላክሊስት ኑቮ የሚል መስመር ካገኙ ፋይሉን ያጥፉት። ይህች ፋይል ተረስታ ቀርታ ሰዎችን ቀኑን ሙሉ ስታደክም ትውላለች።

ቀጥሎ ኖሞድሴት። ከፋይሉ ላይ ከማጥፋትዎ በፊት ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት፤ አደጋ የለውም። ኮምፒውተሩን እንደገና ሲያስነሡ የፋብሪካው ሎጎ እንደታየ፣ ባዮሱ የድሮው ዓይነት ከሆነ ሺፍትን ተጭነው ይያዙ፤ አዲሱ ዓይነት፣ ማለትም ዩኢኤፍአይ፣ ከሆነ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ይጫኑ። ኢስኬፕን ደጋግመው ከመቱ ምናሌውን አልፎ ግራብ የሚል ባዶ መስመር ላይ ይጥልዎታል፤ ከሆነ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት ብለው እንደገና ይጀምሩ። ምናሌው ሲመጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሆነው የኢ ፊደልን ይጫኑ። ሊኑክስ በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልገው መጨረሻው አካባቢ ኖሞድሴትን ያጥፉ፤ ኳየትና ስፕላሽ የሚሉትንም ለዛሬ አብረው ያጥፏቸው። ሌላ ምንም ሳይነኩ ኤፍ10ን ይጫኑ። ያደረጉት ለውጥ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጋረጃው ስለተነሣ የሚያልፈውን ጽሑፍ ሁሉ ያያሉ፤ ፈጣን ስለሆነ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹትና ቀስ ብለው ያንብቡት። ፊደሎቹ መጀመሪያ ትልቅ ሆነው በመካከል ድንገት ቢያንሱና ስክሪኑን ቢሞሉ ደስ ይበልዎት፤ ያቺ ቅጽበት ኑቮ ስክሪኑን የተረከበባት ናት።

ከሠራ ለውጡን ቋሚ ያድርጉት። ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት የተባለ ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ግራብ የሚባለውን ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) እና በናኖ (ተርሚናል ውስጥ ጽሑፍ በሚያርመው ፕሮግራም) ይክፈቱ። ግራብ፣ ሲኤምዲላይን፣ ሊኑክስና ዲፎልት የሚሉት ቃላት በአንደርስኮር ተያይዘው የሚጀምረው መስመር ላይ፣ በጥቅስ ምልክቱ መካከል ኳየትና ስፕላሽ ብቻ ይቅሩ። ጥቅሱን እንዳያጎድሉ፤ አንዱ ጥቅስ ከጠፋ ቀጣዩ ትእዛዝ ስሕተት ብሎ ያቆማል። ከሥሩ ዲፎልት የማይለው ተመሳሳይ መስመር ላይም ኖሞድሴት ተጽፎ እንደሆነ ይዩ፤ አንዳንድ ሰው ሁለቱም ላይ ይጽፈዋል። በኮንትሮልና ኦ አስቀምጠው፣ በኮንትሮልና ኤክስ ወጥተው «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ይበሉ። ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ የረሳ ሰው ፋይሉን ስንት ጊዜ ቢያርመው ምንም አይለወጥለትም።

ያለ ኖሞድሴት ስክሪኑ ጠቁሮ ቢቀርስ? ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 በአንድ ላይ ይጫኑ፤ በጽሑፍ የሚገባበት መስኮት ከመጣ ኮምፒውተሩ ተነሥቷል፣ ችግሩ የመግቢያው ገጽ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ገብተው መጀመሪያ የሚያዩት ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን ነው፤ «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ሲሉ ዋናው ክፍል 100 በመቶ ካለ የመግቢያው ገጽ ሊነሣ አይችልም፤ ይህ ከካርድ ጋር ምንም አያገናኘውም። ስካን የተደረገ ፋይል በሚከማችበት ቤት ብርቅ አይደለም። «ሱዶ ኤፒቲ ክሊን» ብለው የተጠራቀሙትን የመጫኛ ፋይሎች ያጽዱ። ያ መስኮትም ካልመጣ ከግራብ ምናሌ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ሪከቨሪ ሞድን ይምረጡ። ግን ይህን ይወቁ፦ ኡቡንቱ ሪከቨሪ ሞድ ሲነሣ በራሱ ኖሞድሴት ይጨምራል። ስለዚህ ከሪከቨሪ «ሪዙም» ብለው ወደ ዴስክቶፑ ሲገቡ ሁሉ ነገር ገዝፎ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ሲያስነሡት ነው እውነተኛው መልክ የሚታየው።

ወደ አንድ ደቂቃ ተኩሏ እንምጣ፤ ጥያቄዎ ውስጥ ብዙ የምትናገረው እሷ ናት። ድራይቨር ሲበላሽ የሚፈጀው ጊዜ እንዲህ ልክክ አይልም። 90 ሰከንድ ግን ሲስተምዲ፣ ማለትም የኡቡንቱን አነሣሥ የሚመራው ፕሮግራም፣ የጠፋ ነገርን የሚጠብቅበት ልማዳዊ ገደብ ነው። ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ አውጥተው ሸጠዋል፤ ስዋፑ እዚያ ላይ ነበር ማለት ነው። የተጠበቀው ዋና ፎልደር ቢሆን ኖሮ ከ90 ሰከንድ በኋላ ዴስክቶፑ አይከፈትም ነበር፤ ኢመርጀንሲ ሞድ ብሎ ይቆም ነበር። ስዋፕ ሲጠፋ ግን ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ያልፋል። ስፕላሽን አጥፍተው በቀረጹት ቪዲዮ ላይ «ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ረኒንግ» የሚልና ሰከንድ የሚቆጥር መስመር ካዩ ነገሩ አለቀ፤ መስመሩ ላይ ያለው ረጅም ቁጥር የተሸጠው ዲስክ መለያ ነው።

ማረሚያው እንዲህ ነው። «ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ኤፍ» ሲሉ አሁን ያሉት ዲስኮች ከነዩዩአይዲያቸው፣ ማለትም ከነረጅም መለያ ቁጥራቸው፣ ይዘረዘራሉ። ከዚያ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል በሱዶና ናኖ ከፍተው፣ ስዋፕ የሚል ቃል ያለበትን መስመር ዩዩአይዲ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሃሽ ምልክት ያድርጉበት፤ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ሃሽ ያለበትን መስመር ሲስተሙ አያነብም። የሌሎቹን መስመሮች አንዲት ፊደል እንዳይነኩ፤ የዋናውን ክፍል መስመር ያበላሸ ሰው ኮምፒውተሩን ያለ መጫኛ ፍላሽ መልሶ ማስነሣት ይቸግረዋል። ይህ ሳያልቅ አንድ ሌላ ቦታ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ኢቲሲ ውስጥ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ ውስጥ፣ ኮንፍ ነጥብ ዲ ውስጥ ሪዙም የሚባል ፋይል ካለ እሱም ያንኑ የጠፋ ዩዩአይዲ ይዞ ይሆናል። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን ቁጥር አጥፍተው ነን፣ በእንግሊዝኛ ኤን፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ፣ ብለው ይተኩ። ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ሰረዝ ዩ»።

ስዋፕ ከሌለ ይሠራል ወይ ቢሉ፣ 8 ጊጋባይት ራም ካለዎት ለጽሕፈት ሥራ ይሠራል። 4 ብቻ ከሆነ ብራውዘርና ትልቅ ሰነድ አብረው ሲከፈቱ ይጨናነቃል፤ 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይል ማዘጋጀት ይሻላል። ለዚህ ሌላ ዲስክም ሆነ ዲስክ መከፋፈል አያስፈልግም።

ነጩ ጽሑፍ ቀላሉ ነው። «ዴቭ ኤስዲኤ2 ክሊን» የሚለው መስመር ዲስኩ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን የሚገልጽ የምሥራች ነው፤ ተከትለው የሚመጡት ቁጥሮች ስንት ፋይልና ስንት ብሎክ እንደተያዘ ይናገራሉ። ሁልጊዜም ነበረ፤ ፕሊማውዝ ይሸፍነው ስለነበር አላዩትም። መጋረጃው ሲጠፋ ታየ።

የሚያሳስበው ጽሑፍ ሌላ ነው፤ መብራት ተደጋግሞ በሚሄድበት ቤት አንድ ቀን መምጣቱ ስለማይቀር አስቀድመው ይወቁት። ስክሪኑ ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል በቅንፍ ተጽፎ ጠቋሚው እያብለጨለጨ ከቆመ፣ ከላዩም ኤፍኤስሲኬን (የዲስክ መመርመሪያውን) በእጅ አስነሡ የሚል መልእክት ካለ፣ መብራቱ ሲሄድ ፋይል ሲስተሙ ተጎድቷል። እዚያው «ኤፍኤስሲኬ ሰረዝ ዋይ» ብለው ክፍተት ትተው መልእክቱ ላይ የተጠቀሰውን ክፍል ስም ይጻፉ፤ በእርስዎ ላይ ዴቭ ኤስዲኤ2 መሆኑ ነው፤ ከፊትና ከመሃል ስላሽ አለው። ሲጨርስ «ኤክሲት»። ይህ እየሠራ ሳለ ግን የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ በግድ ማጥፋት ክልክል ነው፤ የቀረውን ፋይል የሚያጠፋው ያ ነው። እየደጋገመ በየሳምንቱ የሚመጣ ከሆነ ዲስክስ የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ይመልከቱ፤ ሪአሎኬትድ ወይም ፔንዲንግ ሴክተር ከዜሮ በላይ ሆኖ እያደገ ከሄደ ዲስኩ ሊሞት ነው፣ ይቀይሩት።

ስክሪኑ በማንኛውም ሰዓት ቢቀረቀርም የማብሪያውን ቁልፍ የመጨረሻ ያድርጉት። አልትንና ፕሪንት ስክሪንን አንድ ላይ ይዘው ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የሚሉትን ፊደላት በየሁለት ሰከንዱ አንድ አንድ ጊዜ ይጫኑ። የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ዲስኩን ከመጻፍ ይዘጋል፣ ሦስተኛው እንደገና ያስነሣል። ኡቡንቱ እነዚህን ሦስቱን እንደተጫነ ይፈቅዳል። ለሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዩፒኤስ መግዛት ከቻሉ ደግሞ ከማንኛውም ካርድ በፊት እሱን ይግዙ፤ አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል።

ከመብራቱ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ብዙ ጊዜ ያለቀች ናት። መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ያስቀመጡትን ይረሳል፤ ሰዓቱም ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ባዮሱ ሲረሳ ዋናው ስክሪን በየትኛው ሶኬት ይውጣ የሚለውንም ይረሳል፤ አንድ ቀን ከካርዱ፣ አንድ ቀን ከማዘርቦርዱ ሶኬት ይወጣል፤ ሰውም «ይህ ኮምፒውተር አመል አለው» ይላል። ሰዓቱ ከተሳሳተ ደግሞ ኡቡንቱ አዲስ ፕሮግራም ለማውረድ እምቢ ይላል። ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ ትክክል ካልሆነ ባትሪዋን ይቀይሯት፤ ርካሽ ናት፣ የሰዓት ሠሪዎች ጋ ትገኛለች።

ሁሉ ተስተካክሎ ምልክቱ ዘግይቶ፣ ዴስክቶፑ ሊከፈት ሲል ብቻ ብልጭ ካለ፣ ኑቮ ከኢኒትራምኤፍኤስ ውጪ ስለቀረ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ ውስጥ ሞጁልስ የሚባለው ፋይል መጨረሻ ላይ ኑቮ የሚለውን ስም ብቻውን በአንድ መስመር ጽፈው ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደ ላይኛው ያድሱ። ከኤስኤስዲ የሚነሣ ፈጣን ኮምፒውተር ላይ ግን ምልክቱ ጭራሽ ሳይታይ መግቢያው ሊደርስ ይችላል፤ እሱን ለማየት ብሎ ማዘግየት ከንቱ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በምልክት ባይመሳሰሉም አይጨነቁ፦ ከ20.04 ወዲህ ኡቡንቱ በዩኢኤፍአይ ሲነሣ የፋብሪካውን ሎጎ እንዳለ ትቶ ከሥሩ የሚሽከረከር ክብ ያደርጋል፤ በድሮው ባዮስ የሚነሣው ደግሞ የራሱን ምልክት ያሳያል።

ሞኒተሩ ራሱ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ወይም «ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ» ካለዎት ያ የሊኑክስ ጽሑፍ አይደለም፤ የተላከለትን ጥራት መሸከም አልቻለም ማለቱ ነው። ከአሮጌ ቪጂኤ ኬብልና ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ከሚቀይሩ ርካሽ አዳፕተሮች ጋር ይመጣል። ድራይቨር ከመነካቱ በፊት ከደህናው ኮምፒውተር ኬብሉን ነቅለው ይሞክሩት።

ኑቮ ገብቶ፣ ኖሞድሴት ጠፍቶ፣ ኤፍኤስታብ ታርሞ ሳለ ስክሪኑ በሥራ መካከል መቀርቀር ከጀመረ፣ አንዳንድ ካርድ ከኑቮ ጋር አይስማማምና ካርዱን አውጥተው ያስቀምጡት። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያፍስሱ፣ ካርዱን ከመቀርቀሪያው አላቀው ይሳቡ፤ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩ። በቅድሚያ ግን ማዘርቦርዱ ሶኬት ያለው መሆኑንና ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ያለው መሆኑን ይዩ፤ ስሙ በኤፍ ፊደል የሚጨርስ የኢንቴል ፕሮሰሰር የለውም፣ ያለ ካርድ አንድም ነገር አያሳይም። ግራፊክሱ ካለው አይ915 ሌላ ጭነት ሳይፈልግ ይነሣል፤ ይህኛውም ኮምፒውተር እንደ ሌላኛው ይሠራል።